ዓይኔ የምትባለው አንቴና

በሕያው ሰው መቅናት ደህና ነው። ትጣላላችሁ፣ ትኮራረፋላችሁ፣ አንድ ቀን ሲሳሳት አይታችሁት ሆዳችሁ ቅቤ ይጠጣል። በሞተ ሰው መቅናት ግን እግዜር ያሳያችሁ! ሟች አይሳሳትም፣ አያረጅም፣ ጠዋት ሲነሳ አፉ አይሸትም። እንዲያውም ውሎ ሲያድር እየተወደደ ይሄዳል። ይኼ "ተተኪው" የሚሉት ሰውዬ ታዲያ የቀናው፣ መቅናት ብቻ መች ሆነና፣ አንጀቱ እስኪቆስል የተንገበገበው፣ መቃብር ውስጥ በተኛ ሰው ነው።

ተተኪው ያሰኘው ሥራው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ነጫጭ አንቴናዎች የቆሙበት ጣቢያ አለ። አንዷ አንዷ የፎቅ ቤት ታክላለች። ከሰማይ የሚመጣውን፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን የሬዲዮ ሹክሹክታ ነው የሚያዳምጡት። እነዚህን የሚያዝ ዋና ኦፕሬተር ነበረ፤ ሞተ። ጣቢያውም ሌላ ሰው ቀጠረ። አዲሱ ሰው ሥራ በገባበት ቀን ኃላፊዋ ከበር ተቀብላ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ድረስ ይዛው ገባችና "ይኸው፣ ተተኪው መጣ" አለች። በቃ፣ ተለጠፈበት። እናቱ ያወጣችለት ስም ደመወዝ ሲፈርም ብቻ የሚያስታውሰው ሆነ።

ከዚያ በፊት የቤት ዲሽ ገጣሚ ነበር። የሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን እያዞረ "አሁንስ መጣ?" ብሎ ይጮሃል። ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመችው ሴትዮ ከታች "አልመጣም!" ትላለች። "አሁንስ?" "መጣ፣ መጣ… ኧረ ሄደ!" እንዲህ ሲጯጯህ እየዋለ፣ ጉሮሮው ተልጦ፣ ማታ ማታ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨረሰ። ጣቢያው ሲቀጥረው ደስታውን አልቻለውም። እዚያ መጮህ የለም፤ እዚያ ተጽፎ ነው የሚታዘዘው።

የሚጻፈው "የትዕዛዝ ፋይል" ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እናት ከቤት ስትወጣ "አንተ በሩን ዝጋ፣ አንቺ ልብሱን አስጪ፣ ጨርሳችሁ ጠብቁኝ" ብላ እንደምትሄደው ማለት ነው። ኦፕሬተሩ ለዘጠኙም አንቴናዎች በየመስመሩ ያዝዛል፤ አንዷ ትዙር፣ ሌላዋ ትጠብቅ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሰሙትን ይቅዱ። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ያስፈጽማል። ታዲያ በዚያ ጣቢያ ፋይል ከባዶ የሚጽፍ ጅል የለም። ሁሉም የሟቹን ፋይል ገልብጦ፣ ሰዓቷንና አቅጣጫዋን ቀይሮ ነው የሚሠራው። ሟቹ ደግሞ ጨዋታ ወዳድ ነበር። አንቴናዎቹን በቁጥር መጥራት ሰልችቶት ስም አውጥቶላቸዋል። አንደኛዋ እመቤት፣ ሦስተኛዋ ቀብራራ፣ ሞተሯ የሚንቀራፈፈው ስድስተኛዋ ደግሞ ጎታታ። አራተኛዋን ዓይኔ ብሏታል። ፋይሉም እንዲህ እያለ ይወርዳል፦ "ዓይኔ ወደ ምሥራቅ ዙሪ። ዓይኔ ጠብቂ። ዓይኔ ቅጂ።"

ሰውየውን የማያነሳ የለም። ካነሱት ደግሞ "ነፍሱን ይማረውና" ሳይሉ አይጀምሩም፤ እያደር ስሙ ራሱ ነፍሱን ይማረውና የሆነ መሰለ። ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ዓይነት ብልሽት በሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈታው። ነፍሱን ይማረውና ሲስቅ መስኮቱ ይርገበገብ ነበር። ተተኪው መጀመሪያ መጀመሪያ አብሮ "ይማረው" ይል ነበር። ሙት ወቃሽ ላለመሆን እኮ ነው። ኋላ ግን ይህንንም ማለት ተወ።

ሚስት ያገባው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከተማው ውስጥ ፋርማሲ የምትሠራ ሴት፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ሳቅ የማታባክን። የማን ሚስት እንደነበረች እያወቀ ነው የገባበት። የሟቹ ነበረች። "ሥራውን ተረክቦ ሲያበቃ ቤቱንም ተረከበ" ብለው አሙት፤ ይበሉ አለ። ምን ቸገረው? ሴትዮዋ ወዳዋለች፣ እሱም ይወዳታል፣ የሟቹ ፎቶ ከግድግዳ ወርዶ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ከሥራ ሲመለስ ገና ከደጅ ስሟን እየጠራ ነበር የሚገባው። ጎረቤት ሳይቀር ይስቅበታል፣ "ይኼ ሰውዬ ሚስቱ እንዳትጠፋበት ይፈራል እንዴ?" እያለ።

ነገሩን ያበላሸው ግሪሱ ነው። ግሪሱ የጣቢያው ሜካኒክ ነው፤ እጁ ከግሪስ ተላቆ ስለማያውቅ ይህን ስም ሰጡት። ምላሱም እንደ እጁ ነው፤ የነካውን ሳያቆሽሽ አይለቅም። አንድ ቀን በሠራተኞች ክበብ ምሳ ላይ ተሰብስበው ሳለ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣

"ዛሬ ዓይኔ አኩርፋለች። ስትዞር ሲጥ ሲጥ ትላለች። ዘይት አጠጥቻት ነው የመጣሁት" አለ።

"ቆይ ግን" አለ ተተኪው፣ ሩዙን እያቀላቀለ፣ "ምን ቆርጦት ነው ዓይኔ ያላት? ለብረት እንዲህ ዓይነት ስም ይወጣል?"

ግሪሱ ማንኪያውን አስቀመጠ። "እንዴ! እውነትህን ነው? አታውቅም?"

"ምኑን?"

"ሰውዬው ሚስቱን እኮ ነው ዓይኔ ይል የነበረው! ስልክ ሲያነሳ 'ወዬ ዓይኔ'፣ ሲዘጋ 'እሺ ዓይኔ'። ኧረ አንተስ ታድለሃል! ሁለቱንም ዓይኔዎች ወረስክ!"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ተተኪውም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ጥርሱ ሳቀ፤ የጎረሰው ሩዝ ግን እንደ ጠጠር ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ስንት ጊዜ ነው ያንን ቃል የጻፈው? ስንት ጊዜ ነው በዎኪቶኪ "ዓይኔን እስኪ እያት"፣ "ዓይኔ ተነሳች ወይ?" ያለው? በገዛ አፉ፣ በሟች ቃል፣ የገዛ ሚስቱን ሲያቆላምጥ ኖሯል። እና ሰዉ ሁሉ ያውቃል! እስከዛሬ ድረስ "ዓይኔ" ባለ ቁጥር ከኋላው የሚጠቃቀሱ ሁሉ መሰለው። ከሰዓት በኋላ ፋይል ከፍቶ አንድ መስመር ሳይጽፍ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ዋለ።

ቤት ሲገባ ከደጅ አልተጣራም። ሚስቱ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ አልጋው ላይ ዘርግታ ታጥፋለች። ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። እንደ ዋዛ አድርጎ፣

"ዓይኔ፣ እስኪ ውሃ አቀብዪኝ" አለ።

የሴትዮዋ እጅ ሸሚዙ ላይ ቀረ። "ምን አልከኝ?"

"ዓይኔ ነዋ። ምነው? አያምርብሽም?"

"እንደሱ ብለህ አትጥራኝ።"

"ለምን?"

"አልወድም አልኩህ፤ በቃ አልወድም!" ሸሚዙን ሳታጥፈው ጥላው ወጣች።

አሃ! አለ በሆዱ። አሃ! ለሱ ብቻ የተቀመጠ ስም ነው። በእኔ አፍ ሲጠራ ረከሰባት። እኔ ቤቱ ውስጥ መግባት ይፈቀድልኛል፣ አልጋው ላይ መተኛት ይፈቀድልኛል፣ እዚያች ቃል ላይ ግን ተቆልፎብኛል። ለምን እንደማትወድ አልጠየቃትም። ቀናተኛ ሰው መቼ ይጠይቃል? መልሱን ራሱ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። በሩ ሲጥ ሲል "ማጠፊያውን ማን ነው የገጠመው?" ይላል፤ ሟቹ ነዋ፤ ነቅሎ ጣለው። መደርደሪያውን አፈረሰ። ያማረ ቀለም ያለውን ግድግዳ ሌላ ቀለም ቀባው፤ የቀለሙ ሽታ ለሳምንት ራስ ይበጠብጥ ነበር። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ምን እሆናለሁ" ይላል። ስሟንም መጥራት ተወ። ስሟ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ስሟ ሌላ ከሆነ? "አንቺ" ይላታል፤ አንዳንዴ ማሳል ብቻ ይበቃዋል።

እራት ላይ ደግሞ አዲስ ዘዴ አመጣ። ስለ አንቴናዋ ማውራት ጀመረ። "ያቺ አራተኛዋ ዛሬም አስቸገረችኝ" ይልና ከሥር ከሥሯ ፊቷን ያያል። "ያቺ አራተኛዋ ከሁሉም ትበልጥ ይመስል፣ ካልተለመንኩ አልዞርም አለች" ይልና ደግሞ ያያል። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ ሳህኗን አንስታ ትሄዳለች። እሱም "ይኸው! የሱ ነገር ሲነሳባት እንባዋ ይመጣል፤ እስከዛሬ አልወጣላትም" ይላል። ሌላ ምንም አልፈለገም እኮ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሰው ከዓለም ሁሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በዚያች ሴት ልብ ውስጥ የሌላ ሰው ምትክ ሳይሆን ራሱ መሆኑን ማወቅ። ግን ይህችን አንዲት ነገር አውጥቶ ከመጠየቅ ቤቱን እንዳለ አፍርሶ ቢሠራ ይቀለዋል።

በመጨረሻ ነገሩ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ለጥገና ተብሎ ሥራ የቆመ ዕለት፣ ማንም በሌለበት ቀትር ላይ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ገባና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የስሞቹን ፋይል ከፈተ። ኮምፒውተሩ የትኛው ስም የትኛዋ አንቴና እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያ ነው። እመቤት አንድ፣ ቀብራራ ሦስት፣ እያለ ይሄዳል። አራት ላይ ሲደርስ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ተጽፈው ሳለ ዓይኔ ብቻ ሁለት ጊዜ ተጽፋለች።

"ሁለት ጊዜ!" አለ ለብቻው። "አንድ ጊዜ አልበቃውም! ፍቅሩ ሞልቶ ፈሶበት ነው።" ሁለቱንም መስመሮች፣ ልብ ብሎ እንኳ ሳያያቸው ሰረዛቸው። ቀጥሎ ያሉትን የትዕዛዝ ፋይሎች በሙሉ መረጠና ኮምፒውተሩን "ዓይኔ የሚለውን ፈልግ፣ በአንቴና አራት ተካ" ብሎ አዘዘው። ተካ። ስክሪኑ ለአፍታ ተንሸራተተና ዓይኔ ከዓለም ጠፋች። "አንቴና አራት ወደ ምሥራቅ ዙሪ። አንቴና አራት ጠብቂ።" ደስ ሲል! ሰውየው ወንበሩ ላይ ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ያን ያህል ጊዜ ተተኪ ሲሉት ኖረው፣ ዛሬ እውነትም ተካ።

ሥራው ሲጀመር ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። አራተኛዋ በቁጥሯ ስትጠራ ቅር አላላትም፤ ዙሪ ሲሏት ትዞራለች። ኃላፊዋ እንኳ ስክሪኑን አልፋ ስታይ ምንም አላለችም። ተተኪው እያፏጨ ቤቱ መግባት ጀመረ። ግሪሱ በዎኪቶኪ "ዓይኔ ጋ ነኝ" ሲለው "እዚህ ጣቢያ እንደዚህ የሚባል የለም፤ ቁጥር ንገረኝ" ይለዋል። ግሪሱም "ወይ ጉድ፣ ሰውዬው ጀኔራል ሆነ" ብሎ ይስቃል። እቤትማ ጭራሽ ጨዋታው ስለ አራተኛዋ ብቻ ሆነ፤ እንዴት እንዳረማት፣ እንዴት እንደገራት፣ አሁን እንዴት ጨዋ እንደሆነች። ሚስቱ መልስ አትሰጥም። ድል አድርጌያለሁ ብሎ ነው የሚያስበው።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ድንገት አመድ መሰለ፤ የጣቢያው መስኮቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ነፋስ ሲነሳ ሕጉ አንድ ነው፤ አንቴናዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ላይ አንጋጠው እንዲቆሙ ማድረግ። ጎናቸውን ለነፋስ ከሰጡ ነፋሱ እንደ ጃንጥላ ይገለብጣቸዋል። ለዚህም የተለየ ፋይል አለ፤ "ነፋስ" ይባላል፤ ማንም ገልብጦት፣ ማንም ነካክቶት አያውቅም፤ ሟቹ አንድ ቀን ነፋስ ደርሶበት በጥድፊያ እንደጻፈው ነው የቀረው። ተተኪው አስነሳው። መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲያይ እመቤት ቀና አለች፣ ቀብራራ ቀና አለች፣ ጎታታም በአቅሟ ተነሳች። ስምንቱ ተነሱ። አራተኛዋ ግን እንዳለች፣ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ቆመች።

ወደ ስክሪኑ ሮጠ። ስክሪኑ ላይ፣ ሟቹ ለኮምፒውተሩ ባስተማረው አነጋገር፣ እንዲህ የሚል ቀይ መስመር ወጥቷል፦ "አይኔ የምትባል አላውቅም፤ አልፌያታለሁ።"

ያጠፋት ዓይኔ ከየት መጣች? አተኩሮ ሲያይ ነው የገባው። ፊደላችን ጣጣው ብዙ ነው፤ ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል። ሟቹ ተረጋግቶ ሲጽፍ በዓይኑ ዓ "ዓይኔ" ይላል፤ ሲቸኩል በአልፋው አ "አይኔ" ይላል። ለሰው ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የራሱን አጻጻፍ ስለሚያውቅ ነበር ስሟን በስሞቹ ፋይል ሁለት ጊዜ ያስገባው። ተተኪው ሁለቱንም ሰርዞ፣ ከፋይሎቹ ግን የፈለገውና የተካው አንዷን ብቻ ነው።

ማዳን ይችል ነበር። "አይኔ" የሚለውን ስም መልሶ አንዲት መስመር መጻፍና ፋይሉን እንደገና ማስነሳት ነው። ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ አደረገ። አልጻፉም። ያንን ስም በገዛ እጁ መልሶ ሊያስገባው! ሞቼ ነው! አለ ሆዱ። ነፋሱ እያፏጨ፣ ግሪሱ በዎኪቶኪ "ኧረ ቀና አድርጋት! ምን ትጠብቃለህ?" እያለ እየጮኸ፣ ሰውየው ከአንዲት ቃል ጋር ግብግብ ገጥሞ ቆመ። ኋላ "አንቴና አራት፣ ወደ ላይ ቀና በይ" ብሎ ጻፈ። ጊዜው ግን አልፏል። ሞተሯ ነፋሱን ሊያሸንፍ ታገለ፣ ታገለ፣ ከዚያ ከሜዳው የብረት ጩኸት ተሰማ። ማርሹ ጥርሱ ረግፎ አንቴናዋ በአፍጢሟ ተደፋች፤ ጠርዟም ተጣመመ።

ነፋሱ እንደቆመ ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሁሉ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰበሰበች። ቁጣዋን አፏ ላይ አታወጣም፤ ዓይኗ ይበቃል።

"የስሞቹን ፋይል ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ" አለ ተተኪው። "ደንብ ላስይዝ ብዬ ነው። ቁጥር ይሻላል ብዬ… ለአዲስ ሠራተኛ እንዲቀል።"

"የሌሎቹን ስም ግን አልነካህም። እመቤት አለች። ጎታታ አለች። አራተኛዋን ብቻ ለምን?"

ግሪሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጥፋቱን ሊጋራ ፈልጎም ሊሆን ይችላል፣ እንጃ። ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀችና፣

"ነፍሱን ይማረውና እሱ ቢኖር ኖሮ…" ብላ ጀመረች።

"አትጨርሺው!" ብሎ ቱግ አለ ተተኪው። "እሱ ቢኖር፣ እሱ ቢኖር! ሞቷል እኮ! የሚስቴ ስም ስለሆነ ነው! እሱ የሚስቴን ቁልምጫ ብረት ላይ ለጥፎ ሄዶ፣ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ስጠራው ልኑር? ማን ይችላል ይህንን? እናንተስ ብትሆኑ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጠው ሲሞክር በአፍንጫው አመለጠው።

"አንተ ሰውዬ" አለች ኃላፊዋ ቀስ ብላ፣ "በሟች ቀንተህ ነው አንቴና የሰበርክብኝ?"

ኩምሽሽ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ኃላፊዋም ፈረደች፤ አራተኛዋ እስክትጠገን ድረስ የኮምፒውተር ፊደል አይነካም፤ ከግሪሱ ሥር ሆኖ፣ ቱታ ለብሶ፣ እዚያችው አንቴና ላይ እየወጣ ብሎን ይፈታል። ግሪሱ ሲወጡ ትከሻውን ያዝ አድርጎ "እኔ እኮ ቀልዴን ነበር ወንድሜ" አለው። ግሪስ ሸሚዙ ላይ ቀረ።

ወሬ በእግሩ ቢሄድ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ይበርራል እንጂ። ተተኪው ቤቱ ሳይደርስ ፋርማሲ ደርሶ ነበር። ሚስቱ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

"ስሟን አጠፋህባት አሉ" አለች።

"ስምሽን ነው እንጂ!" አለ እሱ። ድካሙም፣ ውርደቱም፣ ያ ሁሉ የታመቀ ቅናትም ባንድ ላይ ገነፈለ። "ያንቺን ስም! እኔ ስጠራሽ የተጠየፍሽውን ስም! እስከዛሬ ከሆድሽ አልወጣም፤ እኔ ምንሽ ነኝ? ባዶ ወንበር መሙያ ነኝ?"

"ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም!"

"ቁጭ በል አልኩህ! ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው።" ተቀመጠ። ሴትዮዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን እያየች ጀመረች። "የኔ ስም ነው ያለህ ማን ነው? የሷ ስም ነው። እኔን ሳያውቀኝ በፊት ነው ለሷ ያወጣላት። ቁጥሯ አራት ቢሆንም መጀመሪያ የተተከለችው እሷ ስለሆነች፣ በሷ ስለጀመረ፣ ዓይኔ አላት። ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን ደክሞት ገብቶ፣ እራት ላይ 'ዓይኔ፣ ጠብቂ' አለኝ። ጠብቂ! ልክ እንደ ፋይሉ። ራሱም ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። ከዚያ ለመደበት። የኔን ስም እርግፍ አድርጎ ተወው።"

"ፍቅር መስሎኝ…"

"ሰዉ ሁሉ ፍቅር ነው የመሰለው! ጓደኞቼ ሲቀኑብኝ ነበር። 'ባልሽ እንዴት ያቆላምጥሻል' ይሉኛል። ሰው ፊት 'ወዬ ዓይኔ' ሲለኝ ከማን ጋር እያወራ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማን ልንገር? በብረት ቀናሁ ልበል? ያን ሁሉ ዓመት በብረት ቀንቼ ኖርኩ። ነፋስ ሲነሳ ምነው በወደቀች እያልኩ ነበር። እሱ ሲሞት እንኳ ፎቶዋ ኪሱ ውስጥ ተገኘ፤ የሷ።"

ተተኪው ወንበሩን ወደሷ ሳብ አደረገ።

"አንተን ለምን አገባሁህ?" አለች፣ አሁን ቀና ብላ እያየችው። "ፋርማሲ ራሴን አሞኛል ብለህ መጣህ። እንዳላመመህ አውቄ ነበር። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን አነበብክና በስሜ ጠራኸኝ። ቆመህ ሁለት ጊዜ ጠራኸኝ። ስንት ዓመቴ ነበር ስሜን ከወንድ አፍ ከሰማሁ! ከተጋባንም በኋላ ከደጅ እየጠራኸኝ ስትገባ፣ ወጥ ቤት ሆኜ ሆን ብዬ አልመልስም ነበር፤ እንድትደግመው። ከዚያ ድንገት ተውከው። ስሜን ዘጋኸው። ማታ ማታ ስለሷ ብቻ ታወራለህ። አራተኛዋ እንዲህ ሆነች፣ አራተኛዋ እንዲያ አለች። እሱም ልክ እንደዚህ ነበር።"

የፈለገው አንድ ነገር እጁ ላይ ኖሯል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሸንፎ ነበር፤ ከማንም ጋር ሳይታገል። ያንን ሁሉ ጊዜ ማጠፊያ ሲነቅል፣ ግድግዳ ሲቀባ፣ በሟች ሲንገበገብ! ሊያለቅስም ሊስቅም ከጀለው። ተነስቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ፤ እጇን ያዘ።

"ይቅርታ አትበለኝ" አለች። "ይቅርታ አልፈልግም። ስሜን ጥራኝ። እንደ ድሮው።"

"እሺ" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ፊቷን ቀና ብሎ አየ፣ በሙሉ ልቡ ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ ወራት ሙሉ ሌት ተቀን ሲያላምጠው የኖረው ቃል ምላሱ ላይ ቀድሞ ተቀምጦ ኖሮ፣

"ዓይኔ" አለ።

እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች። አልተቆጣችም። ትንሽ አየችው፣ ያንን የለመደችውን ነገር እንደምታይ ሆና፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ሰውየው በሩ ሥር ሆኖ ስሟን ጠራ፤ የራሷን ስም። ደገመው። ደጋገመው። ከውስጥ ማንም አልመለሰለትም።